ሃንድለሩ ያየውን ሰርቪሱ ለምን አያየውም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። በጃቫ የተሰራ የቆየ የሶፕ ዌብ ሰርቪስ (ፕሮግራሞች በኤክስኤምኤል መልእክት የሚነጋገሩበት) እጄ ላይ ወድቋል። ሃንድለሩ (መልእክቱን ሰርቪሱ ጋ ሳይደርስ የሚያየው ኮድ) ከሄደሩ፣ ከመልእክቱ ራስጌ ማለት ነው፣ የተጠቃሚውን መለያ ያነብና ሜሴጅ ኮንቴክስት (ከመልእክቱ ጋር የሚጓዝ የመረጃ ቋት) ውስጥ ይከታል፣ ሰርቪሱ ጋ ሲደርስ ግን ነል፣ ባዶ ነው። ቢጨንቀኝ ስታቲክ ፊልድ ላይ አስቀመጥኩት፣ ለብቻዬ ስሞክረው ይሰራል፣ ሰው ሲበዛ ግን ያንዱ ስም ለሌላው እየወጣ ጉድ ሰራኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ያቺን ስታቲክ ዛሬውኑ አውጣት፣ ነገ እንዳትል። ለመላው ሰርቪስ ያለችው እሷ አንዷ ቦታ ናት፣ ሁለት ሪኩዌስት እኩል ከገባ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል፤ ለብቻህ ስትሞክር የሰራልህም ለዛ ነው።

ነሉ ደግሞ እኔንም ግማሽ ቀን በልቶኛል። ጃክስ ደብልዩ ኤስ (የጃቫ የሶፕ ሰርቪስ መስሪያ) ላይ ሃንድለር ያስቀመጠው ነገር፣ ሌላ ካላልከው በቀር፣ ስኮፑ (የሚታይበት ክልል) ሃንድለር ነው፣ ማለት ሃንድለሮቹ እርስ በርስ ያዩታል እንጂ ሰርቪሱ አያየውም። ስለዚህ መጀመሪያ ፑት አድርግ፣ ከዛ በሴት ስኮፕ አፕሊኬሽን (ለሰርቪሱም የሚታይ) በለው፣ ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጥ፣ ገና ላልገባ ነገር ስኮፕ ልስጥ ካልክ ኤክሴፕሽን (ስህተት) ይወረውርብሃል። ሰርቪሱ ውስጥ ዌብ ሰርቪስ ኮንቴክስትን በሪሶርስ አኖቴሽን ታስገባና ጌት ሜሴጅ ኮንቴክስት ብለህ በዛው ቁልፍ ታነባለህ። ሜተዱ ውስጥ ሆነህ ነው ታዲያ፣ ኮንስትራክተር (ሰርቪሱ ሲፈጠር የሚሮጠው ኮድ) ላይ ገና የመጣ ሪኩዌስት የለም። ቁልፉንም አንድ ኮንስታንት ላይ አስቀምጠው (አንዲት ፊደል ከሳትክ ተመልሰህ ነል ነው)።

ስሬድ ሎካል (ለእያንዳንዱ ስሬድ፣ ማለት ኮዱን ለሚያስኬደው የስራ መስመር፣ የተለየ ማስቀመጫ) ተጠቀም የሚልህ አይጠፋም። ይሰራል፣ እኔ ግን አልወደውም። ቶምካት (የጃቫ ሰርቨር ነው) ካልነካካኸው እስከ 200 ስሬድ ይይዝና እነሱኑ እያዟዟረ ነው የሚያሰራው። ወፍጮ ቤት መቼም ታውቃለህ፣ ካንተ በፊት ገብስ ያስፈጨ ካለ፣ ወፍጮው ሳይጠረግ የምንጃር ነጭ ጤፍህን ብታስገባ የሰውዬው ገብስ አንተ ዱቄት ውስጥ ይወጣል፤ ስሬድ ሎካልም ሳይጸዳ ከቀረ የቀደመው ሰው መለያ ለቀጣዩ ይደርሰዋል፣ ያው የስታቲኳ ጣጣ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የግድ ከሆነብህ የሃንድለሩ ክሎዝ (ስራው ሲያልቅ የሚጠራው ሜተድ) ላይ ሪሙቭ አድርገው፣ ሰርቪስህ ሌላ ስሬድ ካስነሳ ደግሞ እዛ አታገኘውም። ከሰርቪሱ ወደ ውስጥ ላሉት ክላሶች ግን መለያውን ዝም ብለህ በፓራሜትር አቀብላቸው።

ጃቫህ ስንት እንደሆነ አልነገርከኝም፣ ከ11 ጀምሮ ጃክስ ደብልዩ ኤስ ከጄዲኬው (ከጃቫው የመስሪያ ጥቅል) ወጥቷል፣ ላይብረሪውን ለብቻ ትጨምራለህ።