የሚኒሞ ቫልቭ ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። እ.ኤ.አ. የ1998 ሞዴል ኮሮላህ ጠዋት በደህና ይነሣል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን መብራት ላይ ስትቆም ዙሩ እየወረደ ይጠፋብሃል፤ ኤሲ ስትከፍት ደግሞ ይብስበታል። ጋራዡ «የሚኒሞ ቫልቩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ብሎሃል። ሚኒሞ ማለት ፔዳሉን ሳትረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነው፤ ቫልቩም ለዚያ ዙር የሚያስፈልገውን አየር የሚመጥን ነው። እንዳንተ መኪና ባሉ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተሮች ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁና እለምንሃለሁ፦ ቫልቩ መሞቱ ሳይረጋገጥ ገንዘብህን አታውጣ። ከሁሉም በላይ፣ የትሮትሉን፣ ማለትም በፔዳሉ የሚከፈተውን የአየር በር፣ ማቆሚያ ብሎን ማንም በካቻቢቴ እንዳይነካብህ።

ይህን ብሎን ጠምዝዞ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ በካርቡሬተር ዘመን የቀረ ልማድ ነው። ዙሩ ለጊዜው ይስተካከላል፣ ባለመኪናውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን የአየር በሩ እስከ ቦታው ስለማይመለስ፣ የትሮትል ሴንሰሩ እግርህ ፔዳሉ ላይ ያለ አድርጎ ያሳያል፤ ኮምፒውተሩም ሚኒሞን መቆጣጠሩን ይተወዋል። ከዚያ ወዲያ እውነተኛው ብልሽት ሰው ሠራሹ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

እግርህን ከነዳጅ ስታነሣ የአየር በሩ ይዘጋል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው በአብዛኛው በሚኒሞ ቫልቩ በኩል በሚያልፈው አየር ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቫልቩ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት ጥቀርሻ ቢኖርበትም አይታወቅም። ሲሞቅ ግን ክፍተቱ ጠባብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ጥቀርሻም መተንፈሻውን ይዘጋዋል። ጠዋት ደኅና ሆኖ ከሞቀ በኋላ መጥፋቱ የሚያስጠረጥረኝ መቆሸሹን እንጂ መቃጠሉን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ቫልቩ ከቆላ ይልቅ በሰፊው መከፈት አለበት። አዳማ ሲደርስ ደኅና የሚሆን፣ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ የሚጠፋ መኪና የማየው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲ ተዘግቶ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ ዙሩ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 አካባቢ መሆን አለበት። ኮፈኑ ሥር «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለ። ሞተሩ እየሠራ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኛቸው፤ ሌሎቹን እንዳትነካ ተጠንቀቅ። ዙሩ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍ ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ኮምፒውተሩ ያዛል፣ ሽቦው ያደርሳል፣ ቫልቩም ይታዘዛል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቫልቭ መጣል በደል ነው፤ የሚያስፈልገው እጥበት ብቻ ነው።

ዙሩ ምንም ካልተነቃነቀ ሞተሩን አጥፍተህ የቫልቩን ሶኬት ንቀልና በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካ። ከቫልቩ መካከለኛ እግር (ፒን) ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለቱም 20 ኦም አካባቢ፣ እርስ በርሳቸውም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ጨርሶ ካላነበበ ተቃጥሏል፤ ያኔ ግዛ።

አየር የሚስብ የተሰነጠቀ ቱቦ አለ የሚሉህም ይኖራሉ። በዚህ ሞተር ላይ ግን የሚሳብ አየር ብዙውን ጊዜ ዙሩን ከፍ ያደርጋል እንጂ አያወርድም። ዙሩ ወጣ ወረድ እያለ የሚዋዥቅ ቢሆን ኖሮ እኔም መጀመሪያ ቱቦዎቹን እፈትሽ ነበር።

ለማጠብ ሞተሩ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፤ የራዲያተር ውኃ በትሮትሉ ሥር ስለሚያልፍ ያቃጥልሃል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ትሮትሉን አውርድ፣ ቫልቩን ከሥሩ ለይ። ብሎኖቹ እልኸኛ ናቸው፤ ልክ የሚገጥም ካቻቢቴ አስገብተህ በመዶሻ መታ መታ ሳታደርግ ብትታገላቸው ጭንቅላታቸው ይበላል። የአየር መተላለፊያውን በካርቡሬተር ማጽጃ አርጥበህ በለስላሳ ብሩሽ እጠብ፤ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ግን አይነከር። ውስጡ ያለውን የሚሽከረከር መዝጊያ በብረት አትግፋው። የተቀደደ ጓርኒሲዮን (በሁለቱ አካላት መካከል የሚገባ ማሸጊያ) መልሰህ አትግጠም። ስትጨርስ የጎደለውን ውኃ ሙላና አየሩን አስወጣ።

ማቆሚያ ብሎኑ ከዚህ በፊት ተነክቶ ከሆነ በመጀመሪያ እሱ ይስተካከል፤ ከዚያም የትሮትል ሴንሰሩ በውፍረት መለኪያ (ክፍተት በሚለኩ ቀጫጭን ብረቶች) እየተለካ ይገጠም። ያ ሳይደረግ የታጠበውም ሆነ አዲሱ ቫልቭ ሚኒሞውን አይዝልህም። ያገለገለ ቫልቭ የምትገዛ ከሆነም ቴስተርህን ይዘህ ሂድ፤ ሻጩ ፊት ለካ።