ፓኩው ተክሉን ጨረሰ፣ ውሃው ደግሞ ይደፈርሳል

አንድ አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «የዛሬ ሁለት ዓመት ፒራንሃ ነው ተብዬ ጣት የምታክል ዓሣ ገዛሁ። አሁን 30 ሴንቲሜትር ደርሷል። የተከልኩትን ሁሉ በላ፣ የመስታወት ማሞቂያዬንም ሰበረ። ገንዳዬ 240 ሊትር ነው። የማጣሪያውን ስፖንጅ በየሳምንቱ በቧንቧ ውሃ አጥባለሁ፤ ውሃው ግን ይደፈርሳል። ዓሣውም ላይ ላይ እየመጣ አየር ይስባል። ምን ላድርግ?»

ዓሣዎ ሥጋ በሊታው ፒራንሃ ሳይሆን ፓኩ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፤ በልጅነታቸው ሻጩም ይሳሳታል። ጥርሱን ይዩት። የፒራንሃ ጥርስ ሹል ነው፣ የፓኩ ግን የሰው መንጋጋ ይመስላል። በደቡብ አሜሪካ፣ በአማዞንና በኦሪኖኮ፣ ወንዙ ሞልቶ ጫካውን ሲያጥለቀልቅ ፓኩም አብሮ ይገባና ከዛፍ የሚወድቀውን ፍሬ እየሰበረ ይበላል። የእርስዎ ተክል ለሱ ሰላጣ ነው።

አሁን የሚያስቸኩለው ውሃው ነው። ችግሩን ያመጣው እጥበቱ ይመስለኛል። ስፖንጁ ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ፣ ማለትም አሞኒያውን፣ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚቀንስ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የቧንቧው ክሎሪን በየሳምንቱ ይፈጃቸዋል። ለጽዳት ሲሉ ማጣሪያውን እየገደሉት ነው! ከእንግዲህ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዱት ውሃ ብቻ ለቅለቅ ያድርጉት፤ እሱም ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው ነው።

ዛሬ የውሃውን ሲሶ ይቀይሩ፣ ነገም ይድገሙት። አዲሱ ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ ይግባበት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይቀራረብ። የአየር ፓምፕ ይጨምሩ። ሁለት ቀን ምግብ ይከልክሉት፤ አይሞትም። በመመርመሪያ ጠብታ ሲለኩ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ መሆን አለባቸው።

ከዚያ በኋላ ጎመን፣ ዝኩኒ፣ ካሮት፣ አተር ይስጡት። የተረፈውን ቶሎ ያውጡ። ቅጠል የሚበላ ዓሣ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያቆሽሻል። ተክል ደግመው አይግዙ፤ ድንጋይና ከባድ እንጨት ይበቃዋል። ማሞቂያው ዓሣው በማይደርስበት የማጣሪያ ክፍል ውስጥ ይግባ።

አሁን የማይወዱትን ልንገርዎ። 240 ሊትር ገንዳ ብዙ ጊዜ ወርዱ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 30 ሴንቲሜትር ዓሣ እንዴት ይዙርበት? «ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል» የሚባለውን አይመኑ፤ እድገቱ የሚቀጭጨው ስለሚጎዳ ነው። ፓኩ ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። እኔ ለአንዱ ከ2,000 ሊትር በታች አልሠራም። ውሃው ብቻ ሁለት ቶን ነው፤ ፎቅ ላይ ከሆኑ መሐንዲስ ሳያማክሩ አይሞክሩት። ካልሆነ ትልቅ ሞቃት ኩሬ ላለው ሰው ይስጡት። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን በፍጹም እንዳይለቁት።

ዘሩን ከወደዱት ሲልቨር ዶላር የሚባል ትንሽ ዘመዱ አለልዎ። 15 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። 400 ሊትር ገንዳ ካዘጋጁ አምስት ስድስት ሆነው ሲዋኙ ደስ ይላሉ። ተክሉን ግን እነሱም አይምሩልዎትም።