ከዓይን ማደንዘዣ ጋር ሌላ መድኃኒት ለምን ይደባለቃል? ጥያቄና መልስ

የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን ከተባሉት ማደንዘዣዎች ጋር ስለሚደባለቁ መድኃኒቶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ማደንዘዣው ብቻውን አይበቃም እንዴ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለዓይን ሞራ ቀዶ ጠብታ ብቻ የሚበቃበት ጊዜም አለ። ጣጣው ዓይኑ ጭራሽ እንዳይንቀሳቀስ ስንፈልግ ነው። ሊዶኬይን ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይለቃል። ቡፒቫኬይን ይቆያል፣ ግን ለመያዝ ይዘገያል። ሁለቱን ቀላቅለንም ዓይኑ አልቆም ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ ሃያሉሮኒዴዝ ያን ያህል ይጠቅማል?

መልስ፦ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው። ኢንዛይም ነው፤ በሕዋሳት መካከል ያለውን ሃያሉሮኒክ አሲድ ስለሚሰባብር ማደንዘዣው በዓይን ዙሪያ ባለው ስብ ውስጥ በደንብ ይሰራጫል። በአንድ ሚሊ ሊትር 15 ዩኒት ገደማ የሚጠቀሙ አሉ፣ ከዚያ በላይ የሚያደርጉም አሉ። ሌላም ጥቅም አለው፦ ማደንዘዣው አንድ ቦታ ተጠራቅሞ የዓይን ጡንቻን እንዳይጎዳ ያግዛል። ሃያሉሮኒዴዝ ከገበያ በጠፋበት ወቅት ከቀዶ በኋላ አንዱን ነገር ሁለት አድርገው የሚያዩ ሕመምተኞች መታየታቸው ተዘግቧል። አለርጂ ግን አለው። ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚከሰተው፤ ሲመጣ ዓይኑ አብጦ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ኢንፌክሽን ይመስላል። በማግስቱም ሊመጣ ስለሚችል አንቲባዮቲክ ከመጀመር በፊት እሱንም አስቡት።

ጥያቄ፦ አድሬናሊንስ?

መልስ፦ የደም ሥር አጥብቦ ማደንዘዣውን ያቆያል። ግን ለዓይን ነርቭ ደም የሚያደርሱትንም ሊያጠብ ይችላል። ግላኮማ ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው እኔ አልጨምርም። ቡፒቫኬይን ካለ ምን ያደርግልኛል?

ጥያቄ፦ ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለው ማረጋጊያ አሁን ፋሽን ሆኗል። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ያቆያል፣ ያረጋጋል፣ የዓይን ግፊትም ይቀንሳል። የልብ ምትና የደም ግፊትም አብሮ ይወርዳል። ደግሞ እንቅልፍ የወሰደው ሕመምተኛ ድንገት ባንኖ ጭንቅላቱን ሲያነሳ፣ መሣሪያው ዓይኑ ውስጥ እንዳለ አስቡት። ተረጋግቶ የነቃ ሰው ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ እንደ ሮኩሮኒየም ያለ ጡንቻ ማዝናኛ ጥቂት ጠብ ቢደረግስ?

መልስ፦ ዓይኑን በደንብ ያቆመዋል፤ የተሞከረ ነገር ነው። ግን በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ መተንፈሻ ጡንቻንም ሊያደክም ይችላል፣ ያውም ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ የነቃ ሰው። ትንፋሽ የሚደግፍ ሰውና ዕቃ አጠገቡ ከሌለ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባቸው። ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ከማደንዘዣው ጋር ቢጨመርላቸው ጉዳት አለው?

መልስ፦ ስኳራቸውን ሊያንረው ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም አንድ ላይ ለባለሙያው ቀደም ብለሽ ንገሪልኝ። በራሳችሁ ግን ምንም መድኃኒት አታቋርጡ።

ጥያቄ፦ ባይካርቦኔት ጨምሬ ቡፒቫኬይኑ ደፈረሰብኝ።

መልስ፦ በዝቶበታል ማለት ነው። ባይካርቦኔት የመርፌውን ማቃጠል ይቀንሳል፣ ቡፒቫኬይን ግን ብዙ አይችልም፣ ይዘቅጣል። የደፈረሰውን ጥለህ አዲስ ቅዳ።