መልስ፦ ሹራቡ ሳያልቅ ሌላ ክር ልግዛ ወይ?

ሹራቡን ከጀመርሽ ሦስት ወር ሆኖሽ ገና ጀርባው ላይ ነሽ፣ አዲስ ክር ባየሽ ቁጥር ደግሞ እጅሽን ይበላሻል፣ አይደል? መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። ጀርባው በአንድ ረድፍ 100 ቀለበት (በመርፌው አንድ በአንድ የሚሠራው የክር ጥምዝ)፣ ወደ ላይ 150 ረድፍ ቢኖረው 15,000 ቀለበት ነው፤ ያውም ፊቱና እጅጌዎቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ሰነፍ አይደለሽም፣ ሥራው ራሱ ብዙ ነው። በ3 ሚሊ ሜትር መርፌ የምትሠሪ ከሆነማ ቀለበቱ ትንንሽ ስለሚሆን ብዙ ይፈጃል፣ በ5 ከሚሠራ ሰው ጋር ራስሽን አታወዳድሪ።

ክር መግዛቱ ላይ እኔም ያው ነኝ። ቁም ሣጥኔ ውስጥ አንድ ጥቅል ቢጫ ክር አለ፣ ለምን እንደገዛሁት እስካሁን አልገባኝም። አንድ ብቻ ስለሆነ ለሹራብ አይበቃም። ከዚያ ወዲህ ምን እንደምሠራበትና ስንት ጥቅል እንደሚፈጅ ካላወቅኩ አልገዛም።

አንድ ነገር ላይ ግን አትሰስቺ። ለያዝሽው ሹራብ ክር የሚያንስሽ ከመሰለሽ ዛሬውኑ ጨምሪ፣ ስትገዢም ጥቅሉ ላይ ባለው ወረቀት የተጻፈውን የማቅለሚያ ቁጥር ከድሮው ጋር አመሳክሪ። የቀለሙ ስም አንድ ቢሆንም በሌላ ዙር የተነከረው ትንሽ ሊለይ ይችላል። እኔ ልዩነቱን ያየሁት ፀሐይ ላይ ነው፣ ያውም እጅጌውን ከጨረስኩ በኋላ!

ያለሽ ክር ሱፍ ከሆነ ደግሞ በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ አስቀምጪው፣ ብል ይበላዋል። አዲስ ነገር ሲያምርሽ ከእሱው 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ናሙና ሥሪ። የእኔ አምሮት ብዙ ጊዜ እዚያው ይወጣል።