ሌሊት መርፌ ቢወጋሽ የመጀመሪያውን የኤችአይቪ መከላከያ ኪኒን ከየት እንደምታገኚ ዛሬውኑ አጣሪ

እህቴ፣ ጅማ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋርድ በቅርቡ ተመድበሽ፣ ባልደረቦችሽ በመርፌ ሲወጉ ስላየሽ «ራሴን እንዴት ልጠብቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ ከተማ በነርስነት ስለማገለግል የደረሰብኝን እነግርሻለሁ። ስለ ግላቭና መርፌን መልሶ ስላለመክደን ተምረሻልና አልደግመውም።

1. የሄፓታይተስ ቢ ክትባትሽን ሦስቱንም ዙር ጨርሺ። ሁላችንም የምንፈራው ኤችአይቪን ነው፤ ነገር ግን ቫይረሱ ያለበት ሰው ደም በነካው መርፌ የመያዝ ዕድል ለኤችአይቪ 0.3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ላልተከተበ ሰው በሄፓታይተስ ቢ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ሦስቱን ዙር ለመጨረስ 6 ወር ስለሚፈጅ «ክትባቱ አልቋል» ብለው ቢመልሱሽ ደጋግመሽ ጠይቂ።

2. ሴፍቲ ቦክሱን (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ሳጥን) በትሮሊ ይዘሽ እስከ አልጋው ድረስ ሂጂ፤ ሦስት አራተኛው ከሞላም ዝጊው። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን ቱቦ) ስታስገቢ አንድ እጅሽ ደም ሥሩን ተጭኖ ሌላው ፕላስተር ሲፈልግ፣ የወጣው መርፌ ማረፊያ አጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ አስታማሚው ብርድ ልብሱን ሲያስተካክል አንሶላው ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት አንሶላውን የምትሰበስበው የጽዳት ሠራተኛ ትወጋለች። ስለዚህ ፕላስተሩን አስቀድመሽ ቆርጠሽ አዘጋጂ።

እኔን የወጋኝ ግን ሌላ ሰው በኪድኒ ዲሽ (የሕክምና ዕቃ መያዣ ሳህን) ውስጥ ከጥጥና ከጎዝ ሥር ጥሎት የሄደው መርፌ ነው። ዲሹን ላጥብ ሳነሳ ግላቩን አልፎ አውራ ጣቴ ውስጥ ገባ። ጊዜው የቅዳሜ ሌሊት ነበር። እጄን በውሃና በሳሙና ታጥቤ (ቁስሉን መጭመቅም ሆነ በረኪና ማፍሰስ ተገቢ አይደለም) የኤችአይቪ መድኃኒት ወደሚሰጥበት ኤአርቲ ክሊኒክ ብሮጥ ተቆልፏል። ተረኛው ኃላፊ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ሰኞ ከዋርድ ኃላፊሽ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ፤ ደግሞስ ተጠንቅቀሽ ብትሠሪ ምን ነበረበት?» አለኝ። የኤችአይቪ መከላከያው ኪኒን በተቻለ መጠን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር እንዳለበት የሚያውቅ ባለሙያ ይህን መናገሩ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሊነጋጋ ሲል በባጃጅ ሌላ ጤና ተቋም ሄጄ ኪኒኑን ጀመርኩ።

3. ሦስተኛው ምክሬ ከዚህ የመጣ ነው። ሳትወጊ በፊት የመነሻ መድኃኒቱ ሌሊትና በዓል ቀን የት እንደሚገኝ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ፣ መርፌው የነካውን ታካሚ ደም ማን እንደሚመረምር በስም ለይተሽ እወቂ። በእኛ ዘንድ ከብዙ ክርክር በኋላ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ክፍት በሆነው ድንገተኛ ክፍል እንዲቀመጥ አስወስኛለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ። የጽዳት ሠራተኞቻችን በአብዛኛው የሚያነቡት አፋን ኦሮሞ ሆኖ ሳለ ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ብቻ ተለጥፎ ስለነበር፣ በአፋን ኦሮሞም አስጽፌ ከየሴፍቲ ቦክሱ በላይ ለጥፌአለሁ። እነርሱ መርፌ ሳይዙ ይወጋሉ፤ ሲወጉም የሚመዘግብላቸው የለም።

ከተወጋሽ ደግሞ ኪኒኑን ብቻ ተቀብለሽ አትውጪ። አደጋው ይመዝገብ፤ የራስሽም ደም የዚያኑ ዕለት ይመርመር። ያ ውጤት ከሌለ በኋላ ችግር ቢገኝብሽ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን ለማስረዳት ትቸገሪያለሽ። መድኃኒቱ 28 ቀን የሚወሰድ ነው፤ ቢያቅለሸልሽሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው እንጂ አታቋርጪ፤ የክትትል ምርመራ ቀጠሮዎችሽንም አትዝለያቸው።