ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለመክሰስ የትኛው የወተት ምግብ ይሻላል? ለድሬዋ እህታችን

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ከሕክምናው ወጣሽ። ጥያቄሽን እንደተረዳሁት ስሊቭ (አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ የማውጣት ቀዶ ሕክምና) ከተሠራሽ ሦስተኛ ወርሽ ነው። ከምሳ በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ሆድሽን ይሞረሙርሻል። ሐኪምሽ «የወተት ተዋጽኦ ሞክሪ» ብሎሻል፤ ሱቅ ስትገቢ ግን የሚያጋጥምሽ ፍራፍሬ የተሳለበት ጣፋጭ እርጎ ነው። ጎረቤትሽ ደግሞ የግመል ወተት ጠጪ እያለች ትጨቀጭቅሻለች። እኔ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ በአቋራጭ ከአንጀት ጋር የማገናኘት ቀዶ ሕክምና) ነው የተሠራሁት፣ ዓመታት አልፈዋል፣ ተወልጄ ያደግኩትም እዚሁ ድሬ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ነገር፣ ርሃብ መሆኑን አጣሪ። በስሊቭ ተቆርጦ የሚወጣው የጨጓራ ክፍል የርሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ነው። ብዙዎቻችን በመጀመሪያዎቹ ወራት ምግብ ትዝ የማይለን ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። ውሃ ቀስ እያልሽ ተጎንጪና ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ካለፈልሽ ጠምቶሽ ነበር ማለት ነው። የሚያቃጥልሽ ከሆነ አሲድ ሊሆን ስለሚችል በወተት ለማብረድ ከመታገል ሐኪምሽን አማክሪ። ሁለቱም ካልሆነ መክሰስ ይገባሻል፣ አትሳቀቂ።

አሁን ወደ ወተቱ። እኔ የምመርጠው በአንድ ነገር ነው፦ በዚህች ትንሽ ሆድ ውስጥ ስንት ፕሮቲን ይገባል፣ ምን ያህልስ ይቆያል? ለእኛ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው። የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም ቢኖረው ነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጠጥተሽ የምታገኚው 6 ወይም 7 ግራም ነው። ያውም ፈሳሽ ስለሆነ ሾልኮ ይወርድና ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይርብሻል። ወደ አይብ ስትመጪ 100 ግራሙ 15 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ቅቤው በደንብ የወጣለት ከሆነ ስቡ ከ2 ግራም አያልፍም። አራት የሾርባ ማንኪያ አይብ ከአንድ ብርጭቆ ወተት ይበልጣል፣ ሆድ ውስጥም ይቆያል። ፈረንጅ ስለ ግሪክ እርጎና ስለ ኮቴጅ ቺዝ ሲያወራ እየሰማን እንቀናለን። አቦ፣ የእኛ አይብ ምን ጎደለው?

የሚጎድለው ንጽሕናው ላይ እርግጠኛ መሆን ነው። ባህላዊው አይብ ሲሠራ አሬራው ቀስ ተብሎ ይሞቃል እንጂ አይንተከተክም። ወተቱም ሲናጥ ጥሬ ነበር። ገና ሦስተኛ ወር ላይ ላለ ሰው የሆድ ሕመም ቀልድ አይደለም፤ ትውከትና ተቅማጥ ቶሎ ውሃሽን ያሟጥጡታል። ከገበያ የምትገዢ ከሆነ ቀፊራ በጠዋት ሂጂ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ከምታውቂያት ሴት ግዢ። አይቡ ነጭ፣ ሽታው ለስላሳ፣ ውሃው የጠፈፈ ይሁን። ቢጫ ያዘለ ወይም አፍንጫ የሚይዝ ከሆነ እለፊው።

እኔ ግን ቤት ብትሠሪው ነው የምመርጥልሽ። 1 ሊትር ወተት በደንብ አፍይና አውርጂው። የሎሚ ጭማቂ በሾርባ ማንኪያ ጠብ እያደረግሽ ቀስ ብለሽ አማስዪ። ሁለት ማንኪያ ሳይሞላ ወተቱ ይቋጠርና አጓቱ ወደ አረንጓዴ ያደላ ውሃ ሆኖ ይለያል። ያን ጊዜ ሎሚውን አቁሚ፣ ከበዛ ይኮመጥጣል። በንጹሕ ሻሽ አጥልይው። ይኼኛው ቅቤው ስላልወጣ ከአሬራ አይብ ይልቅ ስብ ይበዛዋል፣ ስለዚህ ማንኪያውን ቀንሺ። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። መብራት ጠፍቶ ውሎ ካደረ አትመኚው። ሚጥሚጣውን ለጊዜው ተይው፤ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ወይም በሶብላ ይበቃዋል። ሰው ቤት ስትጋበዢ «ለጋ ቅቤ ጣል ላድርግበት» ይሉሻል። ቅቤ ፕሮቲን የለውም፣ ካሎሪ ብቻ ነው። በፈገግታ እምቢ በይ።

አይብ ከሰለቸሽ እርጎ አጥልዪ። ከፈላ ወተት የተሠራ፣ ስኳር ያልነካው እርጎ ይሁን። ማጥለያ ላይ ሻሽ አንጥፊና እርጎውን ገልብጪበት፣ ከሥር ሳህን አድርጊ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት ሳህኑ አጓት ሞልቶ ታገኚዋለሽ፣ ከላይ የቀረው ማንኪያ ብትተክዪበት አይወድቅም። መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ፕሮቲኑ ግን አብዛኛው እዚያው ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ወተት ለሚነፋን ሰዎች ጠላታችን ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው። ከእሱ ጥቂቱን ባክቴሪያው እርጎ ሲሠራ ይበላዋል፣ ሌላው ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። እኔ ከባይፓሱ በኋላ ጥሬም ሆነ የፈላ ወተት አልስማማ ብሎኛል፤ የተጠለለ እርጎ ግን ምንም አያደርገኝም። አንቺ ገና ካልሞከርሽ በአንድ የቡና ሲኒ ጀምሪ፣ ቀኑን ሆድሽን አዳምጪ።

ፍራፍሬ የተሳለበትን እርጎ በተመለከተ ጀርባውን አንብቢ። ምንም ያልተጨመረበት እርጎ በ100 ግራም 4 ወይም 5 ግራም ስኳር አለው፣ እሱ የወተቱ የራሱ ነው። 12 ወይም 14 ካየሽ ልዩነቱ የተጨመረ ስኳር ነው። እንደ እኔ ባይፓስ የተሠራ ሰው እሱን ከበላ ዳምፒንግ (ስኳሩ ቶሎ ወደ አንጀት ሲወርድ የሚመጣ ሕመም) ሊይዘው ይችላል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ወደ ሽንት ቤት ያስሮጣል። በስሊቭ ይኼ ያንሳል፣ ጨርሶ አይመጣም ግን አይባልም። አይስክሬምም እንደዚያው ነው። ቀልጦ ስለሚንሸራተት ሆድ «በቃኝ» አይልም። 10 ሰዓት ደግሞ በድሬ ምን ሰዓት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በርጫ (ጫት ለመቃም) የተቀመጠ ቤት ውስጥ ሻዩ በስኳር፣ ከጎኑ ሐለዋ። እዚያ ከመድረስሽ በፊት መክሰስሽን ብትበዪ ይቀልሻል።

የግመል ወተት ነገር። ጎረቤትሽ በክፋት አይደለም፣ እኛ አገር ለሁሉም በሽታ የግመል ወተት ይታዘዛል። ፕሮቲኑ ከላም ወተት ብዙም አይለይም። ላክቶስም አለው፣ ስለዚህ «ለሆድ ቀላል ነው» ብለሽ በብርጭቆ አትጋቺው። ዋናው ችግር ግን ጥሬውን መጠጣቱ ነው። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ወራት ያጉላላል። ዕቃው በጭስ መታጠኑ ጣዕም ይሰጠዋል እንጂ ወተቱን የፈላ አያደርገውም። ሲፈላ ወዙ ይሄዳል ይሉሻል፤ ይሂድ! አፍልተሽ አንድ ሲኒ መጠጣት ትችያለሽ። አይብ ላድርገው ብለሽ ግን አትድከሚ፣ የግመል ወተት እንደ ላም ወተት አይቋጠርም።

ከሱቅ ደረቅ ቺዝ፣ ለምሳሌ ፕሮቮሎን፣ ላክቶሱ እጅግ ትንሽ ነው። 30 ግራም ቁራጭ 7 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጥሻል። ስቡ ከባድ ስለሆነ ግን ከዚያ አትለፊ፣ በደንብም አኝኪው። ባለ ሦስት ማዕዘኑ የሚቀባ ቺዝ ለቦርሳ ይመቻል፤ አንዱ ፍሬ የሚሰጥሽ ፕሮቲን ግን 2 ግራም ቢሆን ነው። የዱቄት ወተት ካለሽ ስቡ የወጣለትን መርጠሽ አንድ ማንኪያ እርጎሽ ላይ መበተን ትችያለሽ፣ ወተት የሚነፋሽ ከሆነ ግን ይቅርብሽ።

ሁለት ነገር ልጨምር። እነዚህን ስትበዪ አብረሽ አትጠጪ፣ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ነው ውሃ የምትጠጪው። የብረት ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ የወተቱ ካልሲየም እንዳይሻማው በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ይኑር፤ የካልሲየም ክኒኑም እንዲሁ። እኔ ብረቱን ማታ ስተኛ ነው የምወስደው።

ጾመኛ ከሆንሽ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ያለ ወተትና ያለ ሥጋ 60 ግራም መሙላት በዚህ ሆድ በጣም ይከብዳል። ከሐኪምሽም ከንስሐ አባትሽም ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ። ሥራ ቦታሽ ፍሪጅ ይኑር አይኑር አልጻፍሽም። ከሌለ የተጠለለውን እርጎ በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገሽ በረዶ ከሆነ የውሃ ላስቲክ ጋር ጠቅልዪው፣ እስከ 10 ሰዓት ቀዝቃዛነቱ ካለቀ አትብዪው፤ ለእንደዚያ ዓይነት ቀን ባለ ሦስት ማዕዘኑ ቺዝ ይሻልሻል።