1 ብዬ ጽፌ 16,777,216 መጣብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የሚዛን መረጃ የሚመዘግብ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ሠርቼ፣ ስትራክቱን (የአንድ ምዝገባ መረጃዎች ሚሞሪ ላይ አብረው የሚቀመጡበትን ቅርጽ) እንዳለ ወደ ፋይል እጽፈዋለሁ። እኔ ጋ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ባልደረባዬ በጃቫ ሲከፍተው ግን 1 ብዬ የጻፍኩት 16,777,216 ሆኖ ይመጣል፤ የደንበኞች ስምም ተበላሽቷል። መረጃን በጽሑፍ መልክ የሚያስቀምጠውን ጄሶን እንዳልጠቀም ፋይሉ ይገዝፍብኛል። ምን ይሻለኛል?
ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያቺ 16,777,216 ብዙ ነገር ነግራኛለች። የአንተ ኮምፒውተር 1ን በአራት ባይት ሲያስቀምጥ ትንሹን ባይት ያስቀድማል፤ 01 00 00 00 ብሎ። ባይቶችን የሚያነበው የጃቫው ዳታ ኢንፑት ስትሪም ደግሞ ሁልጊዜ ትልቁን አስቀድሞ ነው የሚያነበው፤ ስለዚህ ያቺን 01 እንደ ትልቁ ባይት ቆጥሮ 16,777,216 ይላል።

ይህን ገልብጠህ ታስተካክለዋለህ፤ ጣጣው ግን እዚያ አያበቃም። አንድ ቻር (1 ባይት) እና አንድ ኢንት (አብዛኛውን ጊዜ 4 ባይት) ያለው ስትራክት 5 ባይት ይመስላል፤ ኮድህን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ግን መሐሉ ላይ ባዶ ባይቶች ጨምሮ አብዛኛውን ጊዜ 8 ያደርገዋል። ሎንግ የምትለው የቁጥር ዓይነትም ባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4፣ ሊኑክስ ላይ 8 ባይት ነው። ስለዚህ ስትራክቱን እንዳለ መጻፉን እባክህ ተወው።

እኔ ብሆን መረጃን አሳጥሮ በባይት የሚጽፈውን ፕሮቶባፍን ነው የምመርጠው፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ነው። የመረጃህን ቅርጽ አንድ ቦታ ትጽፋለህ፣ ከዚያ ለሲ ፕላስ ፕላሱም ለጃቫውም ኮዱን ራሱ ያወጣልሃል። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ሜሴጅፓክና ሲቦርም ጥሩ ናቸው፤ ግን የእያንዳንዱን ፊልድ (እንደ ክብደት፣ ዋጋ ያለውን) ስም አብዛኛውን ጊዜ ከእያንዳንዱ ምዝገባ ጋር ይዘው ስለሚዞሩ፣ ምዝገባው ሲበዛ ፋይሉ ላይ ይታወቅሃል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ፕሮቶባፍ ፊልዱን በስሙ ሳይሆን አንተ በምትሰጠው ቁጥር ነው የሚለየው። ለአንድ ፊልድ የሰጠኸውን ቁጥር፣ ፊልዱን ብታጠፋው እንኳ፣ ለሌላ አትስጠው፤ የድሮ ፋይል ስትከፍት ክብደቱ የዋጋው ቦታ ላይ ይገባብሃል። ደግሞ ፕሮቶባፍ አንዱ ምዝገባ የት እንዳለቀ አይጽፍም። አንድ ፋይል ላይ ስትደረድራቸው ከእያንዳንዱ በፊት ርዝመቱን አስቀድም፤ ለዚህ በሁለቱም ቋንቋ የተዘጋጀ ፈንክሽን አለ።

ስሙን በተመለከተ፣ ስትራክቱ ውስጥ ስትሪንግ (ጽሑፍ የሚይዝ ዓይነት) ካለ የጻፍከው ጽሑፉን ሳይሆን የሚሞሪ አድራሻውን ሊሆን ይችላል። ፕሮቶባፍ ጽሑፍን ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ 8 ነው የሚይዘው፤ እዚያ ደግሞ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው። «አበበ» 9 ባይት ይሆናል። ፊደል ቆጥሮ ርዝመቱን 3 ያለ ኮድ «አ»ን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ በባይት ቁጠር።

የድሮዎቹን ፋይሎች ደግሞ እንዳትጥላቸው። ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ በጻፋቸው ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያው ስትራክት አንብበህ በፕሮቶባፍ መልሰህ ጻፋቸው።